አባታችን አብርሃምና የገዛው የመቃብር ቦታ



ሰው በሞተብን ቁጥር፥ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ንፍሮ ስንዘግን፥ አንድ ስም ሳይጠራ የምንነሣበት ቀን የለም። ሽማግሌው ቆሞ «ነፍሱን ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» ሲል፥ እኛም «አሜን» ብለን እንበተናለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ኢብራሂም ብለው ያከብሩታል፤ ለዐረፋ የሚታረደው በግ የእሱን ታሪክ የሚያስታውስ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 28 ቀን ከልጁ ከይስሐቅና ከልጅ ልጁ ከያዕቆብ ጋር ይታሰባል።

ታዲያ ይህ በየለቅሶው የምንጠራው አብርሃም ማን ነው? ብዙዎቻችን የምናውቀው ልጁን ሊሠዋ ወደ ተራራ መውጣቱን ነው። እሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ በየሰንበቱ ሲነገር ስለምንሰማው ዛሬ አንደግመውም። እድርተኛ የሆነ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ታሪክ አለው። ይኸውም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በገንዘብ ተገዛ ተብሎ መጀመሪያ የተጻፈው መሬት የመቃብር ቦታ መሆኑና ገዢውም አብርሃም መሆኑ ነው። እኛ በመዝገብ ቤት ዶሴ ስናገላብጥ ዕድሜያችንን የፈጀን ስለሆንን፥ ይህን የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ባነበብን ቁጥር እንደ አንድ የተሟላ የሽያጭ ውል ሆኖ ይታየናል። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን፤ በመጨረሻም በእድራችን ላይ ስለ ተነሣው ጥያቄ ያለንን አሳብ እንጨምራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ስለ ልጅነቱና ስለ ስደቱ

አብርሃም አስቀድሞ አብራም ይባል ነበር። አባቱ ታራ፥ አገሩም የከለዳውያን ዑር ናት። ብዙዎቹ ሊቃውንት ዑር ናት የሚሏት ቦታ ዛሬ በደቡብ ኢራቅ ውስጥ ትገኛለች። ሊዮናርድ ዉሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1915 እስከ 1926 ዓ.ም. ቦታዋን አስቆፍሮ፥ ከአብርሃም ዘመን እጅግ የቀደሙ የነገሥታት መቃብሮች አግኝቷል። ከጕድጓዶቹ በአንዱ ብቻ 74 ሰዎች አንድ ላይ ተቀብረው ተገኝተዋል። የዚያ አገር ትልልቅ ሰዎች ሲሞቱ አሽከርና ገረድ ይዘው ይወርዱ ነበር ማለት ነው። አብርሃምን በስሙ የሚጠራ የድንጋይ ጽሑፍ ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ስለ እሱ የምናውቀው ሁሉ ከመጻሕፍት ነው።

ከነዚህ መጻሕፍት አንዱ የእኛው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ኩፋሌ አስቀድሞ በዕብራይስጥ የተጻፈ ሲሆን፥ በሌላው ዓለም ጠፍቶ ሙሉው ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ ነው። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉ ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች ሲገኙ፥ የአባቶቻችን ግዕዝ የቆየውን ነገር በታማኝነት ይዞ እንደኖረ ታወቀ። ይህ ለአገራችን ትንሽ ክብር አይደለም።

ኩፋሌ ስለ አብራም ልጅነት ኦሪት ያልጻፈውን ይነግረናል። በዚያ ዘመን ገበሬው ዘር ሲዘራ ቁራ እየመጣ ይለቅምበት ነበር፤ ሕዝቡም ተራበ። አብራም ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ እርሻ ለእርሻ እየሮጠ፥ በአንድ ቀን ሰባ ጊዜ የመጣውን የቁራ መንጋ መለሰ። በሚቀጥለውም ዓመት ዘሩ ከሞፈሩ ላይ እየወረደ አፈር ውስጥ የሚገባበትን ዕቃ እንዲሠሩ የእንጨት ሠራተኞችን አስተማረ። የእንደርታ ገበሬ ይህን ቢሰማ «ይሄስ የኛ ሰው ነው» ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ የአባቱን ጣዖት እምቢ አለ። ኦሪት እንደሚለው በ75 ዓመቱ ሚስቱን ሦራን፥ የወንድሙን ልጅ ሎጥን ይዞ ከካራን ወጣና ወደ ከነዓን ወረደ። በዚያም ረኃብ ቢጸናበት ወደ ግብጽ ተሰደደ፤ ተመለሰ። ከብቱ ሲበዛ ከሎጥ ጋር የግጦሽ ጠብ ቢነሣ፥ ታላቅ ሲሆን ምርጫውን ለታናሹ ተወለት። ሎጥ በጦርነት ቢማረክ ግን 318 ሰዎች አስከትሎ ሄዶ አስመለሰው። በ86 ዓመቱ ከአጋር እስማኤልን፥ በ100 ዓመቱ ከሣራ ይስሐቅን ወለደ። በመምሬ ዛፍ ሥር በቀትር ተቀምጦ ሳለ ሦስት እንግዶች ቢመጡ ሮጦ ተቀበላቸው፤ እግር አጠበ፥ ጥጃ አሳረደ፥ እንጎቻ አስጋገረ። በአገራችን ቤቱ ከእንግዳ የማይለይ ሰው «የአብርሃም ቤት» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሣራ ሞትና የመቃብሩ ውል

ሣራ በ127 ዓመቷ በኬብሮን ሞተች። አብርሃም በዚያን ጊዜ 137 ዓመቱ ነው። እንግዲህ እናስላው፤ ምድሪቱን ለአንተና ለዘርህ እሰጣለሁ የሚለውን ተስፋ ሰምቶ ከገባ 62 ዓመት ሆኖታል። በ62 ዓመት ውስጥ ግን ሚስቱን የሚያሳርፍበት አንድ ክንድ መሬት እንኳ አልነበረውም። አብሮት የኖረ ድንኳን፥ ከብትና ጕድጓድ ውኃ ነው። የሰው አገር ሰው ነበር።

አለቀሰ፤ ከሬሳው ፊትም ተነሣ። ከዚያ ወደ አገሩ ባለቤቶች ወደ ኬጢ ልጆች ሄዶ፥ በእናንተ ዘንድ መጻተኛ ነኝና የመቃብር ቦታ ስጡኝ ብሎ ለመነ። እነሱም መልካም ሰዎች ነበሩ። አንተ በመካከላችን የእግዚአብሔር አለቃ ነህ፤ ከመቃብሮቻችን በመረጥኸው ቅበር፥ ማናችንም አንከለክልህም አሉት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህ ሰው አባላቸው አይደለም፤ ዘራቸው አይደለም፤ አምላካቸውንም አያመልክም። ሬሳ ይዞ ሲመጣ ግን ከየት ነህ ብሎ የጠየቀው የለም።

አብርሃም ተነሥቶ እጅ ነሣና፥ የኤፍሮንን ዋሻ በሙሉ ዋጋ እንዲሸጡለት አማላጅ ሁኑኝ አለ። ኤፍሮን በጉባኤው መካከል ነበርና፥ ዋሻውንም እርሻውንም በነጻ ሰጥቼሃለሁ አለ። አብርሃም ዳግመኛ እጅ ነሥቶ፥ ዋጋውን ካልተቀበልኸኝ አይሆንም ቢል፥ ኤፍሮን የመሬቱ ዋጋ 400 ሰቅል ብር መሆኑን፥ ይህም በሁለታቸው መካከል ምንም እንዳይደለ ገለጠ። የኛ ሰው ዋጋ ሲጠየቅ «ኧረ ለአንተ ምን ይቆጠራል» እንደሚለው ዓይነት አነጋገር ነው። አብርሃም አልተከራከረም፤ በጉባኤው ፊት መዝኖ ሰጠ።

ከዚህ በኋላ የተጻፈውን የመዝገብ ቤት ሰው ሲያነበው ልቡ ደስ ይለዋል። ሻጭ ኤፍሮን፤ ገዢ አብርሃም፤ የተሸጠው እርሻው፥ በውስጡም ያለው ድርብ ክፍል ያለው ዋሻ፥ በወሰኑም ዙሪያ ያለው ዛፍ ሁሉ፤ ቦታው በመምሬ ፊት ለፊት፤ ዋጋው 400 ሰቅል ብር፥ በነጋዴዎች ሚዛን ተመዝኖ ተከፈለ፤ ምስክሮች በከተማይቱ በር የሚገቡ የኬጢ ልጆች ሁሉ። ምን ጐደለው? ቀን፥ ማኅተምና ቴምብር ብቻ!

ዋጋውን በሚመለከት ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የተቀረጸ ገንዘብ ስላልነበረ ብር የሚከፈለው እየተመዘነ ነው። አንድ ሰቅል ወደ 11 ግራም ያህል ስለሚሆን 400 ሰቅል አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። አያቶቻችን በመቀሌ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር ሲመነዝሩት የኖሩት ማርትሬዛ ብር 28 ግራም ስለሆነ፥ በክብደት 160 ያህል ማርትሬዛ ማለት ነው። ውድ ይሁን ርካሽ ለማወቅ ሌሎቹን የመጽሐፍ ቅዱስ ግዥዎች እንይ። ንጉሥ ዳዊት አንድ አውድማ ከነበሬዎቹ የገዛው በ50 ሰቅል ነው። ነቢዩ ኤርምያስም ከአጎቱ ልጅ መሬት የገዛው በ17 ሰቅል ነው፤ ውሉንም ሁለት አድርጎ፥ አንዱን አትሞ አንዱን ክፍቱን በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ አዟል። ዘመኑና መሬቱ ቢለያይም፥ አብርሃም ብዙ መክፈሉ ግልጥ ነው።

ለምን በነጻ አልተቀበለም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አሳስቦናል። በነጻ ሲሰጡት ምን ቸገረው? በእኛ በኩል ሦስት ምክንያት ይታየናል።

አንደኛ፥ በቃል የተሰጠ ነገር በቃል ይመለሳል። ዛሬ ኤፍሮን ደግ ነው፤ ነገ ልጁ ተነሥቶ «የአባቴን መሬት ልቀቁ፥ አጥንታችሁንም አንሡ» ቢልስ? ሙት ደግሞ ከቦታ ቦታ አይባረርም። ሁለተኛ፥ በሰው መቃብር ውስጥ በልመና የተቀበረ ሰው ስሙ ከባለመቃብሩ ስም ሥር ይቀራል፤ አብርሃም ሣራ በራሷ ስም እንድታርፍ ፈለገ። ሦስተኛ፥ ስደተኛ ቢሆንም ለማኝ አልነበረም። ያለው ሰው ዋጋውን ከፍሎ ቀና ብሎ እንዲሄድ ሊፈቀድለት ይገባል።

ኩፋሌም በዚህ ላይ አንድ ድንቅ ነገር ይጨምራል። አብርሃም በሕይወቱ አሥር ጊዜ ተፈትኗል፤ አሥረኛውም የመጨረሻ ፈተና ይህ የመቃብር ግዥ ነበር ይላል። ልጁን ሠዋ ከተባለበት ቀን በኋላ ማለት ነው! ፈተናውም ምን ነበር? አገሩ በሙሉ ለእኔ ተስፋ ተሰጥቶኛል፥ እንዴት የራሴን መሬት እገዛለሁ ብሎ አንዲት ቃል አለመናገሩ፥ በትዕግሥትና በትሕትና ከአገሩ ሰዎች መለመኑ ነው። እኛ ይህን ስናነብ የገባን፥ ሰው ሬሳ ይዞ በቆመበት ሰዓት ምን ያህል ሊቈጣ፥ ምን ያህል ሊጣላ እንደሚችል ነው። እድርተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ድንኳን ዘገየ፥ ለፋፊው እኛ ሰፈር አልደረሰም ተብሎ ስንት ወዳጅ ተቀያይሟል! በዚያች ሰዓት የታገሠ ሰው በእውነት ተፈትኖ አልፏል።

የአብርሃም ሞት

አብርሃም ከዚያ በኋላ 38 ዓመት ኖሮ በ175 ዓመቱ ዐረፈ። ኦሪት በአጭሩ ልጆቹ ይስሐቅና እስማኤል ቀበሩት ይላል። እስማኤል ማለት ከነእናቱ ከቤት ወጥቶ በምድረ በዳ ያደገው ልጅ ነው። ቂም ነበረው አልነበረውም መጽሐፉ አይናገርም፤ ለአባቱ ቀብር ግን መጣ፥ ከወንድሙም ጋር አብሮ ተሸከመ።

ኩፋሌ ደግሞ ሌሊቱን ይተርክልናል። የልጅ ልጁ ያዕቆብ በአያቱ እቅፍ ውስጥ ተኝቶ ነበር። በኦሪት ስሌት ያዕቆብ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ጕብል ነው። ሲነቃ አያቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘው። «አባቴ፥ አባቴ» ቢል የሚመልስ ጠፋ። ለእናቱ ለርብቃ ነገራት፤ እሷም በሌሊት ሄዳ ለይስሐቅ አረዳች፤ መብራት ይዘው መጡ። ጩኸቱ ሲሰማ እስማኤል ደረሰ፤ የቤቱም ሰው ሁሉ አርባ ቀን አለቀሰለት። እነሆ መርዶው፥ ጩኸቱ፥ የቤተ ዘመዱ መሰብሰብ፥ አርባው ቀን፤ የእኛን ለቅሶ ለሚያውቅ ሰው ምንም እንግዳ ነገር የለበትም። በወንጌልም ድሀው አልዓዛር ሲሞት በአብርሃም እቅፍ ዐረፈ መባሉን፥ አባቶቻችንም ሕፅነ አብርሃም ማለታቸውን ስናስብ፥ ያ በአያቱ ደረት ላይ የተኛ ልጅ ይታየናል።

በዚያ ዋሻ ሣራ፥ አብርሃም፥ ይስሐቅ፥ ርብቃ፥ ልያና ያዕቆብ እንደ ተቀበሩ ኦሪት ይናገራል። ያዕቆብ በግብጽ ሲሞት ልጆቹ አስከሬኑን ከነሠረገላው ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክመው ወደ ገዛው ወደ አያቱ ቦታ አመጡት። ውሉ አገልግሏል ማለት ነው።

ቦታው ዛሬም አለ። ኬብሮንን ዐረቦች ኤል ኸሊል ይሏታል፤ «ወዳጅ» ማለት ሲሆን የአብርሃም መጠሪያ ነው። ንጉሥ ሄሮድስ በዙሪያው ያስገነባው የድንጋይ ግንብ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም ቆሟል። በየዘመኑ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሆኗል። ከ1959 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በእስራኤል ይዞታ ሥር ሆኖ፥ ዛሬ ለሙስሊሞችና ለአይሁድ ተከፍሏል። በየካቲት 1986 ዓ.ም. አንድ የታጠቀ እስራኤላዊ ሰፋሪ በስግደት ላይ የነበሩ 29 ሙስሊሞችን እዚያው ገድሏል። ይስሐቅና እስማኤል ተጋግዘው አባታቸውን በቀበሩበት ቦታ ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ እኛ ስንመለስ

የእኛም አገር የመቃብር ክብር የሚያውቅ አገር ነው። የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮም የተወሰደው 24 ሜትሩ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ከነበረበት ቦታ ሲቆም ሕዝቡ የተደሰተው በድንጋዩ ብቻ አልነበረም። በነጃሺም የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በስደት መጥተው እንዳረፉ ይነገራል፤ ስደተኛን ተቀብሎ መቃብር የሰጠ አገር መሆናችን በዚያ ይታያል። ይህም መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል።

መቃብር ማጣትንም እናውቀዋለን። መቀሌን መናገሻ ያደረጉት፥ በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥት ያሠሩባት አፄ ዮሐንስ አራተኛ፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው ሲሞቱ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማችንን ያቀና ንጉሥ በከተማችን መቃብር የለውም።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ደግሞ ነገሩ በየቤታችን ገባ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በክልሉ ለሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ መርዶው ሲነገር፥ አስከሬን የሌለበት ድንኳን ስንት ቦታ እንደ ተተከለ ሁላችንም አይተናል። ለእነዚህ ልጆች ልናደርግ የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ ስማቸውን፥ የአባታቸውን ስምና የመርዶውን ቀን በእድሩ መዝገብ በጥሩ ቀለም መጻፍ ነው። የአብርሃምን ግዥ ለእኛ ያደረሰው የተጻፈ ነገር ነውና።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ፥ ከቀያቸው ተፈናቅለው በሰፈራችን ተጠግተው የሚኖሩ ሰዎች ሲሞቱባቸው እድራችን ይድረስ ወይስ አይድረስ የሚል ክርክር ተነሥቶ፥ አሳብ ተከፍሎ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። «መግቢያ ያልከፈለ እንዴት ድንኳን ይተከልለታል» ያሉ አሉ። «የክርስቲያን ወግ ነው፥ በነጻ ይደረግ» ያሉም አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሣጥኑ ባዶ ከሆነ እድር የለም፤ ሰው በሬሳ ፊት ደንብ ከቈጠረ ደግሞ እድሩ ምን ይሠራል?

እኛ ግን ምዕራፍ 23 ለሁለቱም መልስ ይሰጣል እንላለን። ከኬጢ ልጆች የምንማረው ሬሳ ይዞ የመጣን መጻተኛ አለመከልከል ነው፤ ቀብሩ በደረሰ ሰዓት ድንኳኑም ቃሬዛውም ሰዉም ይውጣ፥ ጥያቄው ይቆይ። ከአብርሃም የምንማረው ደግሞ መጻተኛ ሰው ምጽዋት ብቻ እየተቀበለ እንዲኖር አለማድረግ ነው። ስለዚህ የተፈናቀሉት ወገኖቻችን የመግቢያው ገንዘብ ቀርቶላቸው፥ ወርኃዊውን መዋጮ እንደ አቅማቸው እየከፈሉ፥ ደረሰኝ ተቀብለው፥ ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ እንደ ማናችንም አባል ይሁኑ። ወደ ቀያቸው የሚመለሱበት ቀን ቢመጣ፥ ቀና ብለው ተሰናብተውን ይሄዳሉ። እዚህ የቀበሩትም ሰው በሰው ቦታ የተቀበረ አይባልም።

ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ የእድሩ ዳኛ ለአባሎች እንዲያቀርቡልን በትሕትና እንጠይቃለን። በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ሁሉ፥ መቃብራቸው የታወቀውንም ያልታወቀውንም፥ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ነፍስ ይማር።